በእጅ የሚሠራ ቲርድሮፕ ካምፐር፦ ስለ መቀመጫውና ስለ ሌላው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲርድሮፕ የሚባለው ከፊቱ ሞላ ብሎ ወደ ኋላው እየሰለለ የሚሄድ፣ የእንባ ጠብታ የመሰለ ትንሽ ተጎታች ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየጋራዣቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ውስጡ መኝታ ነው፤ የኋላ ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ ወጥ ቤት ይሆናል። ችግሩ አብዛኛው ንድፍ የታሰበው ለተኛ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ሁለት ሰው ፍራሽ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ይውላል። እዚህ ያሉት መልሶች ቁጭ ብሎ መብላትና መጫወት ለሚፈልግ ናቸው። ልኮቹ ሁሉ አንድ ምሳሌ ይከተላሉ፦ ስፋት 152 ሴንቲ (5 ጫማ)፣ ርዝመት 300 ሴንቲ፣ የጎን ግድግዳ ከፍታ 122 ሴንቲ።

ንድፉን ከየት ልጀምር?

ከመቀመጫው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የማረከውን ኩርባ ይሥላል፣ ቀጥሎ ፍራሽ ያስገባል፣ በመጨረሻ «የት ነው የምንቀመጠው?» ይላል። ፍራሽ ዝርግ ስለሆነ የትም ይገባል። የተቀመጠ ሰው ግን እግሩ የሚያርፍበት፣ ጀርባው የሚደገፍበትና አናቱ የሚያልፍበት ቦታ ቀድሞ ካልተያዘለት በኋላ አይገኝለትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰውን ይለኩ። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ከወንበሩ ገጽ እስከ አናትዎ ያስለኩ። ወንድ በአማካይ 91፣ ሴት 86 ሴንቲ ግድም ይመጣል፤ ረጅም ወንድ 97 ይደርሳል። ቀጥሎ ጫማ እንዳደረጉ ከጉልበት ሥር እስከ መሬት ያስለኩ፤ አብዛኛው ሰው ከ40 እስከ 45 ባለው ውስጥ ነው። የሚሠራው በቤቱ ረጅም በሆነው ሰው ልክ ነው። በአማካይ ተሰልቶ የተሠራ ጣሪያ ረጅሙን ሰው ሲገጨው ይኖራል።

ግድግዳው 122 ሴንቲ ብቻ ከሆነ ራስ ጣሪያ አይነካም?

እንደ መቀመጫው አሠራር ነው። 122 የመጣው ከኮምፔንሳቶው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ4 በ8 ጫማ፣ ማለትም በ122 በ244 ሴንቲ ልክ ይሸጣል። ከዚያ ላይ ለወለል 5፣ ለጣሪያ 5 ሴንቲ ሲቀነስ 112 ይቀራል። 10 ሴንቲ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ወደ 7 ይወርዳል፤ 105 ቀረ። ረጅሙ ሰው 97 ነው፣ 8 ሴንቲ ትርፍ አለው።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን ስፖንጁ በቀጥታ ወለሉ ላይ ካረፈ ብቻ ነው። እንደ ቤት ሶፋ 30 ሴንቲ ሳጥን ሠርተው ከላይ ቢያነጥፉበት 75 ይቀርዎታል፤ እዚያ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። መቀመጫው ባለበት ይቆይና እግሩ ይውረድ። ለዚህ ነው ወለሉ ላይ የእግር ጉድጓድ የሚያስፈልገው።

የእግር ጉድጓዱ የት ይገባል? ስንትስ ይጥለቅ?

ከፊት ወደ ኋላ እንቁጠር። የፊት ግድግዳ 5 ሴንቲ፣ የፊት መቀመጫ 60፣ ጉድጓድ 80፣ የኋላ መቀመጫ 60። ክፍሉ 205 ላይ ያልቃል፤ የቀረው 95 የወጥ ቤቱ ነው። ሁለቱ መቀመጫዎች ይተያያሉ፣ በሩም በጉድጓዱ ትክክል ይከፈታል። ስለዚህ እግርን አስገብቶ ቁጭ ማለት ነው፤ በፍራሽ ላይ መንፏቀቅ ቀረ ማለት ነው። 60፣ 80 እና 60 ሲደመሩ ደግሞ 200 ይሆናሉ፤ ማታ ሲዘጋ የአልጋዎ ርዝመት ይኸው ነው።

ጥልቀቱ ከመቀመጫው ጣውላ ወደ ታች 33 ሴንቲ ይሁን። የተጨመቀው ስፖንጅ 7 ሲጨመርበት የመቀመጫው ከፍታ 40 ይመጣል። ከመሬት ያለውንም ያስቡ። የሻሲው ገጽ ከመሬት 50 ሴንቲ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ከሻሲው በታች የሚወርደው 28፣ የታችኛው ጣውላ ደግሞ 2 ነው፤ 20 ሴንቲ ይተርፋል። ለአስፋልትና ለደህና ጠጠር መንገድ ይበቃል። ሻሲዎ ከዚህ ዝቅ ያለ ከሆነ ጉድጓዱን ወደ 25 ያሳንሱት፤ ጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አሁንም ወለል ላይ ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል።

ጉድጓዱ እንዳይረግፍና ውሃ እንዳያስገባ እንዴት ይሠራል?

ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሳጥን ይሥሩ፤ በውሃ መከላከያ ኮላና በብሎን ይያያዝ። ዋናው ነገር አሰቃቀሉ ነው። ሳጥኑን ወለሉ ላይ በእንጨት ብሎን ብቻ አንጠልጥለውት የሚያልፉ አሉ። 90 ኪሎ ሰው በአንድ እግሩ ዘሎ ሲገባበት ብሎኖቹ ከጣውላው ጠርዝ ይነቀላሉ፤ ዛሬ ባይሆን በሁለተኛው ዓመት። 40 በ40 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ከሳጥኑ ሥር አሳልፈው ከሻሲው ጋር በብሎንና በዳዶ ይሠሩት፤ ሳጥኑ ብረቱ ላይ ይቀመጥ። የውጭ ገጹን ሁለት ጊዜ ኢፖክሲ፣ ከዚያ በሬንጅ የተሠራ የሻሲ ቀለም ይቀቡት። ከመኪናው ጎማ የሚረጨው ውሃና ጠጠር የሚመታውን የፊቱን ገጽ በቀጭን ላሜራ ይሸፍኑ። ዝቅ ባለው ጥግ ላይ የጎማ ውታፍ ያለው ቀዳዳ ይተዉ፤ አንድ ቀን ውሃ መደፋቱ አይቀርም።

ካምፐሩ የሚያርፍበትን ሻሲ ሳይገዙ ሜትር ይዘው ከሥሩ ይግቡ። የሻሲው አግዳሚ ብረቶች ስንት ሴንቲ ተራርቀው ነው? አንዱ ጉድጓዱ መሐል ላይ ከወደቀ፣ መጀመሪያ ከጉድጓዱ ፊትና ኋላ አዲስ አግዳሚ ይበየድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሮጌው ይቆረጥ። የጎን ዋና ብረቶች በምንም ምክንያት አይነኩም።

የፊቱን ኩርባ ምን ያህል ላክብበው?

ውበት ከምቾት ጋር የሚጋጨው እዚህ ነው። የፊት መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ጀርባውን ሲደገፍ አናቱ ከፊተኛው ጫፍ 20 ሴንቲ ግድም ላይ ይውላል። ኩርባው በ45 ሴንቲ ራዲየስ ከተሣለ ጣሪያው እዚያ ነጥብ ላይ ከከፍተኛው 8 ሴንቲ ያህል ብቻ ዝቅ ይላል። ደገፍ ያለ ሰው ራሱም 2 ወይም 3 ሴንቲ ስለሚያጥር፣ ረጅሙም ቢሆን ለጥቂት ያልፋል። ራዲየሱ 75 ከሆነ ግን ጣሪያው 24 ሴንቲ ይወርዳል፤ ሰውየው አንገቱን ሰብሮ ይቀመጣል። ፎቶ ላይ የሚያምረው 75ቱ ነው። ለመቀመጫ ግን 45 ወይም ከዚያ በታች ይያዙ።

ከኋላ በኩል ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። የተለመዱት ንድፎች ከእግር በላይ የሚንጠለጠል ቁምሳጥን ከኋላ ግድግዳ ወደ ውስጥ ያወጣሉ። ለተኛ ሰው ችግር የለውም፤ ለተቀመጠ ሰው ግን ማጅራቱ ላይ ነው። ቁምሳጥኑ ወደ ወጥ ቤቱ ብቻ ይከፈት፣ የውስጡ ግድግዳ ለጥ ብሎ ይቅር።

ስፖንጁ ምን ዓይነት ይሁን? ለመቀመጫም ለመኝታም አንድ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ለስላሳው አይደለም። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ደስ የሚለው ስፖንጅ ከሁለት ሰዓት በኋላ ታች ካለው ጣውላ ጋር ያገናኝዎታል። ክብደቱ በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ግድም (አሜሪካ ውስጥ 2.5 ፓውንድ የሚባለው)፣ የጥንካሬ ቁጥሩ (ILD የሚባለው) ከ35 እስከ 40 የሆነ ይፈልጉ። ለመኝታ ከበደኝ የሚል ሰው 3 ሴንቲ ለስላሳ ንጣፍ ማታ ከላይ ያድርግ፤ ቀን ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ሁለት የመቀመጫ ትራስ 60 በ147፣ ሁለት የጀርባ ትራስ 40 በ147፣ ሁሉም ውፍረታቸው 10። ማታ የጉድጓዱ ክዳን ሲገባ ሁለቱ የጀርባ ትራሶች ጎን ለጎን ተኝተው 80ውን ክፍተት ልክ ይሞላሉ። የአንዱ ውፍረት 8 ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ወገብዎ ያውቀዋል። የሁሉም ክብደት በድምሩ 12 ኪሎ ያህል ነው።

የጀርባ ትራሱን ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ አያስደግፉት። ከኋላው ሥሩ 8 ሴንቲ ወደ ፊት የወጣ ሽብልቅ ጣውላ ያድርጉ፤ ጀርባው 12 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ያኔ የሚቀመጡበት ጥልቀት 42 ሴንቲ ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የመቀመጫው ጠርዝ ከጉልበት ሥር ያለውን ሥጋ እንዳይጫን የሚያደርገው ይኸው ልክ ነው። የጣውላውንም የፊት ጠርዝ በ3 ሴንቲ ራዲየስ ያክብቡት።

ልባሱ ከላይ ጨርቅ፣ ከታች አየር የሚያሳልፍ መረብ ይሁን። የፕላስቲክ ቆዳ ለማጽዳት ቀላል ነው፤ በሐምሌ ሙቀት ግን ከጭን ጋር ይጣበቃል።

እንጨት ሳልቆርጥ ልኩን የምሞክርበት መንገድ አለ?

የፍሪጅ ካርቶን ያግኙና ጋራዡ ወለል ላይ 148 በ200 ሴንቲ ቦታ በቴፕ ያስምሩ። 33 ሴንቲ ከፍታ ያላቸው ሁለት መድረኮች ከሳጥንና ከጣውላ ያቁሙ፤ መሐላቸው ያለው 80 ሴንቲ ጉድጓዱ ነው። ስፖንጅ ያንጥፉ። የካርቶኑን የጎን ገጽ በኩርባው ቆርጠው በትክክለኛው ከፍታ ያቁሙት፣ በላዩም ገመድ ይወጥሩ። አሁን ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡና አንድ ሰዓት ቡና ጠጡ። አንዱ ተነስቶ ይውጣ፣ ይመለስ፣ ጃኬቱን ያውልቅ። ክንዱ ገመዱን የት እንደነካ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ጃኬት ማውለቅ ከመቀመጥ የበለጠ ቦታ እንደሚፈልግ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ የበሩንና የመደርደሪያውን ቦታም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ምልክት ነው።

ጠረጴዛው?

የጉድጓዱ ክዳን ራሱ ጠረጴዛ ይሁን። ጉድጓዱ በስፋት 110 ከሆነ ክዳኑን እያንዳንዳቸው 80 በ55 በሆኑ ሁለት ጣውላዎች ይክፈሉት። አንዱ እግር ተገጥሞለት ጠረጴዛ ይሆናል፣ ሁለተኛው ከጀርባ ትራስ ኋላ ይገባል። 50 ሴንቲ የእንጀራ ትሪ ልኩ ነው። ከፍታው ከተጨመቀው ስፖንጅ በላይ 30 ሴንቲ ይሁን። ወለል ውስጥ የሚሰካው ባለ አንድ ዘንግ እግር ርካሽ ነው፤ ግን ወጥ ሲጠቀልሉ ይንቀጠቀጣል፣ ለመግባትም እግር ያስራል። ከመቀመጫው ፊት ላይ የሚታሰር ተሽከርካሪ ክንድ ይሻላል። ማታ ጣውላዎቹ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ያርፋሉ፤ መሐል ላይም አንድ ተሸካሚ እንጨት አይርሱ። ሰው አልጋ ላይ የሚወጣው በጉልበቱ ነው፣ ሙሉ ክብደቱም አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል።

ግድግዳው 300፣ ኮምፔንሳቶው 244 ነው። የት ላገናኘው?

በሩ መሐል ላይ፣ ከፊት 105 ሴንቲ አካባቢ። በሩ ሲቆረጥ አብዛኛው መጋጠሚያ አብሮ ይወጣል፤ ከላይና ከታች የሚቀረውን ከውስጥ 15 ሴንቲ ስፋት ባለው ጣውላ በኮላ ይደግፉት።

የኋላ ክዳኑ ከሠራሁት በኋላ ኩርባው ተከፈተብኝ፤ አልገጥም አለ። ለምን?

የተለመጠ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ወደ ቀጥታው መመለስ ይፈልጋል። ከላይ ብቻ 3 ሚሊ ሜትር ጣውላ መትተው ከማቀፊያው ሲያወጡት፣ ጎድን አጥንቶቹን (የክዳኑን ቅርጽ የሚይዙትን እንጨቶች) ይዞ ይከፈታል። ሁለት ንብርብር ያድርጉ፤ አንዱን ከጎድን አጥንቶቹ በላይ፣ አንዱን ከሥር። ሁለቱንም በኮላ፣ ክዳኑ ተጎታቹ ላይ እንደታሰረ ይለጥፉ፣ ኮላው ፈጽሞ እስኪደርቅም አይፍቱት። የገጹ የእንጨት መስመር በተጎታቹ ስፋት ይሂድ፤ በዚያ አቅጣጫ ሲሆን ያለ ትግል ይለመጣል።

ለማንሻው የጋዝ ዘንግ ሒሳቡ ይኸውና። ክዳኑ 16 ኪሎ፣ የክብደቱ መሐል ከማጠፊያው 50 ሴንቲ ቢርቅ፣ 16 በ50 ሲባዛ 800 ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ከማጠፊያው እስከ ዘንጉ መስመር ያለው አጭሩ ርቀት 16 ሴንቲ ከሆነ፣ 800 ለ16 ሲካፈል 50 ኪሎ ይሰጣል፤ ለሁለት ዘንግ 25፣ 25። ይህ 55 ፓውንድ ነው፤ ባለ 60 ይግዙ። በብርድ የጋዙ ጉልበት ስለሚቀንስ ልክ በልክ የተገዛ ዘንግ ማለዳ ላይ ክዳኑን ምድጃው ላይ ይጥለዋል።

የጎማው ዘንግ የት ይሁን? የጋንቾው ጭነትስ?

ዘንጉ ከፊት ከርዝመቱ 60 በመቶ ላይ፣ እዚህ 180 ሴንቲ ላይ ይሁን። ጉድጓዱ 145 ላይ ስለሚያልቅ አይነካካም፤ በሩም ከጎማው ፊት ይቀራል። ጋንቾው በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 1,500 ፓውንድ ቢመዝን ከ150 እስከ 225 ማለት ነው። ከ10 በታች ከሆነ ተጎታቹ በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ሞልተው ከጫኑ በኋላ የጋንቾውን ጫፍ በመኪናው ኳስ ከፍታ የቤት ሚዛን ላይ አሳርፈው ያረጋግጡ። ወጥ ቤቱ ከዘንጉ ኋላ ስለሆነ እዚያ የሚቀመጥ 20 ሊትር ውሃ የፊቱን ጭነት ያቀላል። ውሃውን ወደ ፊት፣ ባትሪውንም ወደ ፊት።

የመኪናዎን መመሪያ ሳያዩ አይጀምሩ። ብዙ ትናንሽ ኤስዩቪዎች የተፈቀደላቸው 1,500 ፓውንድ ነው፤ አንዳንድ የቤት መኪና ጭራሽ አልተፈቀደለትም። ሻሲውን አሮጌ ከገዙ ኩሽኔታውን አውጥተው ያጽዱና አዲስ ግራሶ ይሙሉበት። ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ አይውጡ።

ከፍራሹ ሥር ሻገተ። ጣሪያው አፍስሶ ነው?

ምናልባት አይደለም። ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፤ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ያወጣል። እርጥበቱ በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከስፖንጁ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ 14 በ14 ኢንች የጣሪያ ማራገቢያውን ፍጥነት ዝቅ አድርገው፣ አንድ መስኮትም ጣት ያህል ከፍተው ይደሩ። ጠዋት ትራሶቹ ወደ መቀመጫነት ሲመለሱ ሥራቸው ይናፈሳል፤ ይህ አሠራር ከቋሚ ፍራሽ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ነው።

እውነተኛ ማፍሰስ የሚመጣው ከጣሪያና ግድግዳ መጋጠሚያ፣ ከኋላ ክዳኑ ማጠፊያና ከበሩ ታችኛ ጥግ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ከሚገጠመው የጠርዝ ብረት ሥር ቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ማሸጊያ) እንጂ ሲሊኮን አያድርጉ፤ ሲሊኮን ላይ በኋላ ምንም ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም አይዝም። ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ካሞቀው በኋላ ብሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ፣ የተረፈውን በፕላስቲክ ቢላ ይቁረጡ።

ውስጡ ቁጭ ብለን ቡና ማፍላት እንችላለን?

መጠጣት እንጂ ማፍላት አይቻልም። ክፍሉ ከ3 ሜትር ኩብ ብዙም አይበልጥም። አንድ ማንደጃ ከሰል፣ የጠፋ የሚመስል ፍም እንኳ፣ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይቀራል። እጣኑም ማንደጃውም ውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ። ጀበናው ከኋላ ክዳኑ ሥር በጋዝ ምድጃ ይፈላል፣ ስኒው ግን በበሩ ይግባ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያለ ክርክር ይገጠም።

ባትሪው ምጣድ ያስጋግራል?

አያስጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ግድም ይስባል፤ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሞልቶ ሳለ አንድ ሰዓት አይቆይለትም። እንጀራውን ጋግረው ይዘው ይሂዱ። ለማራገቢያ (በሌሊት 16 አምፒር ሰዓት ያህል)፣ ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ፍሪጅ ግን ያው ባትሪ ሁለት ቀን ያደርሳል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ18 ሴንቲ አይራቅ።

ልጆች በጉዞ ላይ እዚያ ቢቀመጡስ?

ፈጽሞ። መቀመጫው ለቆመ ተጎታች ነው፤ ቀበቶም፣ ግጭት የሚችል ግድግዳም የለውም።

ታርጋ እንዴት ይወጣለታል?

እንደ ክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈልጉት ግን ተመሳሳይ ነው፦ የሻሲው የባለቤትነት ወረቀት፣ የዕቃ ደረሰኞች፣ የክብደት ማስረጃ፣ የሚሠራ መብራትና ፍሬቻ፣ በጋንቾው ሥር የተጠላለፈ የደህንነት ሰንሰለት። የራሱ ፍሬን የሚያስገድደው ክብደት በአንዳንዱ 1,500፣ በብዙው 3,000 ፓውንድ ነው። ሻሲውን ቀለም ሳይቀቡ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ። ሬንጅ ከተቀባበት በኋላ ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ሲጠይቅ ጀርባዎ ላይ ተኝተው በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁ ይውላሉ።